ቀጭን የባሕር ዘይት በየትኛው ጉድጓድ ይውጣ? የአግድም ቁፋሮ አማራጮች ንጽጽር

ዶሮ ወጥ ሲበስል ቅቤው ከላይ ሰፍፎ አይታችኋል። ያን ቅቤ ብቻ ለይታችሁ ለመቅዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ጭልፋውን ቀጥ አድርጋችሁ ከነከራችሁት የሚሞላው ቁሌት ነው። ጋደም አድርጋችሁ፣ ጠርዙን ለክታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ካስጠጋችሁት ግን ቅቤው ራሱ እየተንሸራተተ ይገባል። ከቸኮላችሁ ደግሞ ቁሌቱ ተከትሎ ይመጣል።

የዛሬው ጉዳይ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ድስቱ ከባሕር ወለል በታች ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ ጠልቆ ተቀብሯል። ቅቤው ከ10 እስከ 25 ሜትር የሚሆን የድፍድፍ ዘይት ሽፋን ነው። ከሥሩ ጨዋማ ውሃ አለ። ከላዩ ብዙ ጊዜ ጋዝ አለ። ጭልፋው ደግሞ ኪራይ ነው። ጥልቅ ባሕር ላይ የሚሠራ ተንሳፋፊ ሪግ (የቁፋሮ ማሽን) በቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይበላል።

ባሕር የሌላት አገር ልጆች ሆነን በባሕር ቁፋሮ ምን አገባን የሚል አይጠፋም። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆነ በሂውስተን በዚህ ሙያ የሚውል፣ ወይም ፔትሮሊየም ምህንድስና የሚማር አበሻ ግን አለ። ለሱ እንኳን ባይሆን፣ አማራጮች ሲበዙ እንዴት እንደሚመረጥ ማየት ለማንም አይጎዳም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ምርጫውን የሚያወሳስበው የአቅራቢ ብዛት ነው። አንዱ ርዝመት ይሸጣል። ሌላው ቅርንጫፍ ይሸጣል። ሦስተኛው ቫልቭ ይሸጣል። ሁሉም የሚያሳየው ስዕል ያምራል። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገርና እንገላገል፦ ቀጭን ክምችት ላይ መጀመሪያ የሚገዛው ትክክለኛ ቦታ ነው፣ ቀጥሎ የፍሰት ቁጥጥር፣ ርዝመት ሦስተኛ። ርዝመት አንደኛ የሚሆንበትም ቦታ አለ፤ እደርስበታለሁ።

ከሥሩ ያለው ሒሳብ

ብዙ ሰው "ቀጭን" ሲባል "ትንሽ" ማለት ይመስለዋል። ቀጭን ክምችት በስፋቱ ግዙፍ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ያለው ጎረቤቶቹ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ዘይቱ በኪዩቢክ ሜትር 850 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ውሃው 1,030 ኪሎ። ልዩነቱ 180 ኪሎ ነው። ውሃውን ከታች ይዞ ያስቀመጠው ይህ የክብደት ልዩነት ብቻ ነው። ጉድጓዱ ከውሃው 10 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ፣ ውሃውን ሳንቀሰቅስ መሳብ የምንችለው በግምት በ0.18 ባር ግፊት ነው። ጎሚስታ ጋ የምታስነፉት የመኪና ጎማ 2 ባር አካባቢ ነው። ውሃውን ቦታው ላይ የያዘው ኃይል የአንድ ጎማን አንድ አሥረኛ እንኳን አይሞላም ማለት ነው።

ቀጥ ያለ ጉድጓድ ዘይቱን የሚነካው በሽፋኑ ውፍረት ልክ፣ በጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው። ከዚያች አጭር ቁራጭ ወጪውን የሚመልስ ዘይት ለማግኘት በኃይል መሳብ አለበት። ያን ጊዜ ከታች ውሃው እንደ ሾጣጣ ኮረብታ ይነሳል፤ ከላይ ጋዙ እንደ ማጥለያ ሾጥጦ ይወርዳል። ባለሙያዎቹ ኮኒንግ ይሉታል። ውሃና ጋዝ አንዴ መንገድ ካገኙ ዘይቱን ቀድመው መግባት ይለምዳሉ፤ መልሶ ማስወጣት ከባድ ነው።

አግድም ጉድጓድ ያንኑ ምርት በ1,000 ወይም በ2,000 ሜትር ላይ ያከፋፍለዋል። በያንዳንዱ ሜትር የሚስበው ትንሽ ነው። ውሃው መነሳቱ አይቀርም። ግን እንደ ሹል ኮረብታ ሳይሆን እንደ ረጅም የጋራ ጀርባ ሆኖ፣ በዝግታ ይነሳል። በዚህ መሃል ብዙ ዘይት ይወጣል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በ1982 ጣሊያን አድሪያቲክ ባሕር ውስጥ፣ ሮስፖ ማሬ በተባለ መስክ፣ በባሕር ላይ የመጀመሪያው የሚባለው አግድም ጉድጓድ ተቆፈረ። ዘይቱ ወፍራም ነበር፣ ድንጋዩ የተሰነጣጠቀ፣ ውሃው ቅርብ። አግድሙ ጉድጓድ ቀጥ ያሉ ጎረቤቶቹን በብዙ እጥፍ በለጣቸው።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት ጥያቄዎቹን እናስቀምጥ። አቅራቢ ዘንድ ያለ ጥያቄ የሄደ ሰው የአቅራቢውን ጥያቄ ይዞ ነው የሚመለሰው።

አንደኛ፣ የዘይቱ ሽፋን ስንት ሜትር ነው? ከላይ ጋዝ፣ ከታች ውሃ፣ ወይስ ሁለቱም? አንድ ጠላት ብቻ ካለ ከሱ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይቻላል። ሁለት ከሆኑ መሸሻ የለም።

ሁለተኛ፣ የድንጋዩ አሳላፊነት። ፈሳሽ በቀላሉ ያሳልፋል ወይስ ጥብቅ ነው? ወደ ጎን የሚያሳልፈውና ወደ ላይ የሚያሳልፈው እኩል አይደለም። በመሃል ስስ የሸክላ ንጣፎች ካሉ፣ ውሃውን ስለሚያግዱ አንዳንዴ ወዳጅ ናቸው። ግን አግድም ጉድጓድ በሁለት ንጣፎች መሃል ከገባ ከላይና ከታች ያለውን ዘይት ሳይነካ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ የዘይቱ ዝልግልግነት። እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው ወይስ እንደ ማር? ዘይቱ ማር በሆነ ቁጥር ውሃው ይቀድመዋል።

አራተኛ፣ የጉድጓዱ አፍ የት ነው? ፕላትፎርም (ከባሕሩ በላይ ያለ የሥራ መድረክ) ላይ ከሆነ ጥገና ይቻላል። ባሕሩ ወለል ላይ ከሆነ ለትንሽ ጥገና እንኳን መርከብ ወይም ሪግ መጥራት አለባችሁ። እኔ በጣም ከማከብራቸው መመዘኛዎች አንዱ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ግን የሚያስታውሰው ጉድጓዱ ውሃ ማውጣት ከጀመረ በኋላ ነው።

አምስተኛ፣ ስንት የጉድጓድ አፍ አላችሁ? ፕላትፎርም ላይ ቦታ ውሱን ነው።

ስድስተኛ፣ ላይ ያለው፣ ዘይቱን ከጋዝና ከውሃ የሚለየው መሣሪያ ምን ያህል ጋዝና ውሃ ይችላል? አንድ ጋዝ የሚተፋ ጉድጓድ የራሱን ምርት ብቻ አያበላሽም። የጎረቤቶቹንም ቦታ ይቀማል።

ገንዘብን ለብቻው አላስቀመጥኩትም። በሁሉም ውስጥ አለ። አንድ ምክር ብቻ፦ የጉድጓድ ዋጋ አትጠይቁ፣ የበርሜል ዋጋ ጠይቁ። ርካሽ ሆኖ በዓመቱ ውሃ ብቻ የሚያወጣ ጉድጓድ ውድ ነው።

ትሮል፦ ሁሉም ነገር የተሞከረበት መስክ

ከኖርዌይ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከኮልስነስ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ፣ ትሮል የሚባል መስክ አለ። ባሕሩ እዚያ ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በ1979 ሲገኝ የሁሉም ዓይን ያረፈው ጋዙ ላይ ነው። በኖርዌይ የባሕር ክልል ካለው ጋዝ 40 በመቶ ያህሉ እዚያ ነው ይባላል። ከጋዙ ሥር ግን ስስ ዘይት ነበር። በምዕራቡ ክፍል፣ በአንደኛው ወገን ከ22 እስከ 26 ሜትር፣ በሌላው ወገን ከ12 እስከ 14 ሜትር።

12 ሜትር ማለት የባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቁመት ነው። ከላዩ ግዙፍ ጋዝ፣ ከሥሩ ውሃ። ቀጥ ያሉ ጉድጓዶች የማያዋጡበት ቦታ ነው። መስኩን ያለሙት የኖርዌዩ ኩባንያ የኖርስክ ሃይድሮ መሐንዲሶች በአግድም ጉድጓድ ሞክረው አዋጭነቱን አሳዩ። ትሮል ቢ የተባለው ፕላትፎርም በ1995፣ ትሮል ሲ በ1999 ዘይት ማውጣት ጀመሩ። ያ የማይረባ የተባለ ስስ ሽፋን ትሮልን ከኖርዌይ ትላልቅ የዘይት መስኮች አንዱ አደረገው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጉድጓዶቹ የተቀመጡት ከሽፋኑ መሃል ላይ አይደለም። ዝቅ ብለው፣ ዘይቱና ውሃው ከሚገናኙበት መስመር ትንሽ ከፍ ብለው ነው። ጋዙ ከውሃው ይልቅ የሚፈራ ስለሆነ ከሱ መራቅ ተመረጠ። ሁለተኛው ነገር ከቁፋሮ ውጭ ነው። ከዘይቱ በላይ ያለው ጋዝ ቶሎ ቢወጣ ግፊቱ ይወድቃል፣ ዘይቱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ደረቅ ድንጋይ ውስጥ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ በምዕራቡ ክፍል ዘይቱ እንዲቀድም ተደረገ። ከዚያ ክፍል ጋዝ ወደ ገበያ መውጣት የጀመረው በ2021 ነው። ምንም ዓይነት ጉድጓድ ብትገዙ፣ ማን ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ጥያቄ ካልመለሳችሁ ትርፉ ድካም ነው።

አማራጭ 1፦ ቀጥ ያለ ወይም ዘመም ያለ ጉድጓድ

ርካሹና የታወቀው ይሄ ነው። ቀጭን ሽፋን ላይ ብቻውን አያዋጣም። ግን አትናቁት። ስስ ሽፋኖች በቁመት ብዙ ሆነው ተደራርበው ከሆነ፣ በመካከላቸውም ሸክላ ካለ፣ ዘመም ያለ ጉድጓድ ሁሉንም ይነካል፤ አግድሙ አንዱን ብቻ ያገኛል።

ሌላም ጥቅም አለው። ጋዙና ውሃው የት እንደሚጀምሩ በትክክል የሚነግራችሁ እሱ ነው። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ተቆፍሮ፣ ተለክቶ፣ ከዚያ የታችኛው ክፍል ተደፍኖ ከዚያው ጉድጓድ ወደ ጎን የሚታጠፍበት አሠራር የተለመደ ነው።

አማራጭ 2፦ ነጠላ አግድም ጉድጓድ በተራ ወንፊት

ወርዶ፣ ታጥፎ፣ በሽፋኑ ውስጥ ይተኛል። አሸዋ እንዳይገባ ወንፊት ወይም የተቀዳደደ ቱቦ ይገባበታል። ለአብዛኛው ቀጭን መስክ መነሻው ይሄ ነው።

ድካሙ ያለው ተረከዙ ላይ ነው። ጉድጓዱ የሚታጠፍበትን ጫፍ ተረከዝ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ጣት ይሉታል። ዘይቱ ከጣቱ ወደ ተረከዙ ሲፈስ በቱቦው ግድግዳ ይጋጫል፣ ግፊት ያባክናል። በዚህ ምክንያት ተረከዙ በኃይል ይስባል፣ ጣቱ በቀስታ። ውሃም ጋዝም ቀድመው የሚገቡት በተረከዙ ነው። 2,000 ሜትር ከፍላችሁ ገዝታችሁ በመጀመሪያው 300 ሜትር ትሸነፋላችሁ። ድንጋዩ በጣም አሳላፊ ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ የቱቦው ግጭት ከድንጋዩ ግጭት ጋር መወዳደር ይጀምራልና።

ስለዚህ ተራ ወንፊት አጭር ለሆነ አግድም፣ ወይም ድንጋዩ መካከለኛ አሳላፊነት ላለውና አንድ ዓይነት ለሆነ ቦታ ይበቃል። ከዚያ ውጭ ቁጠባው ቁጠባ አይሆንም።

አማራጭ 3፦ አግድም ጉድጓድ ከፍሰት መቆጣጠሪያ ጋር

የተረከዙን ችግር ለመፍታት አይሲዲ የሚባል ዕቃ ተሠራ። ኖርስክ ሃይድሮ ለዚሁ ለትሮል ብሎ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ሐሳብ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። በየቱቦው ላይ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ወይም በጠባብ ቦይ እንዲገባ ይደረጋል። በኃይል ሊገባ የሚፈልገው ይታነቃል፤ ቀስ የሚለው አይነካም። ተረከዙ ይገታል፣ ጣቱ እድል ያገኛል። ኤሌክትሪክ የለውም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ ስለዚህ የሚበላሽበትም ትንሽ ነው።

ቁም ነገሩ ግን ይሄ ዕቃ ዓይን የለውም። ጋዝ ሲመጣ ጋዝ መሆኑን አያውቅም። የቀዳዳው ስፋት የሚወሰነው ከመውረዱ በፊት ነው፤ ግምታችሁ ከተሳሳተ ተሳስታችሁ ትኖራላችሁ።

ቀጣዩ ትውልድ ራሱን የሚቆጣጠረው ዓይነት ነው፤ ኤአይሲዲ ይሉታል። በውስጡ ለምሳሌ ትንሽ ዲስክ አለች። ዝልግልግ ዘይት ሲያልፍ ዲስኳ ክፍት ትሆናለች። ቀጭንና ፈጣን ጋዝ ሲመጣ የፍሰቱ ፍጥነት ግፊቱን ይቀንስና ዲስኳን ስቦ ያጠጋጋታል። ማንም ከላይ ሳያዘው ጋዝ የገባበት ክፍል ይታነቃል፤ ዘይት ያለበት ይቀጥላል። ትሮል ላይ የዘይት ምርቱን የሚገድበው ፕላትፎርሞቹ የሚችሉት የጋዝ መጠን ስለሆነ፣ ይህች ዲስክ ዋጋዋ ከመጠኗ በላይ ነው።

አቅራቢው ግን የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ዲስኳ የምትለየው በዝልግልግነት ልዩነት ነው። ዘይታችሁ ራሱ ቀጭን (እንደ ውሃ የሚፈስ) ከሆነና ጠላታችሁ ውሃ ከሆነ፣ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉባት እምብዛም አትረዳችሁም። ቀጭን ዘይት ከጋዝ ጋር፣ ወይም ወፍራም ዘይት ከውሃ ጋር ሲሆን ነው ሥራዋን የምትሠራው።

በተጨማሪ፣ ጉድጓዱን በክፍል በክፍል የሚለዩ ማሸጊያዎች ከሌሉ ምንም ዓይነት ቫልቭ ብታስገቡ ጋዙ ከወንፊቱ ውጭ ዞሮ በጎረቤት በር ይገባል። ማሸጊያ ላይ አትቆጥቡ።

ከላይ በኬብል ወይም በሃይድሮሊክ መስመር የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች ያላቸው ስማርት ጉድጓዶችም አሉ። ዓይንም እጅም ይሰጣሉ። ግን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው የሚቆጣጠሩት፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል። ጥገና የማይታሰብበት የባሕር ወለል ጉድጓድ ላይ፣ በተለይ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ከሆነ፣ ያዋጣሉ።

አማራጭ 4፦ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ጉድጓድ

አንድ ግንድ፣ ሁለት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ አግድም ቅርንጫፍ። የጉድጓድ አፍ ሲያጥር፣ ወይም ከባሕር ወለል እስከ ክምችቱ ያለውን ውድ ክፍል ደጋግሞ መቆፈር ሲያንገሸግሽ ይመረጣል። ትሮል ላይ ዋና ዘዴ ሆኗል።

ምርጫው ያለው ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ኢንዱስትሪው መጋጠሚያዎችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 6 ይከፍላቸዋል። ደረጃ 1 ማለት ባዶ ድንጋይ ላይ የተከፈለ ጉድጓድ ነው፤ ምንም ድጋፍ የለውም። ደረጃ 6 ግፊት የሚችል፣ ከብረት የተሠራ መገጣጠሚያ ነው። ሻጭ ወደ ላይ ይገፋችኋል። ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ላይ ደረጃ 1 ወይም 2 ሊበቃ ይችላል። ልል አሸዋ ድንጋይ ላይ ግን መጋጠሚያው ተደርምሶ ቅርንጫፉ ሊዘጋ ይችላል፤ እዚያ ከፍ ማለት ግድ ነው።

የማልወደው ነገር፦ አንዱ ቅርንጫፍ ውሃ ወይም ጋዝ ከጀመረ ሌሎቹን ያውካል። ቤት ውስጥ አንድ የሚረብሽ ልጅ እንዳለ ማለት ነው። በየቅርንጫፉ መቆጣጠሪያ ሳያደርጉ ቅርንጫፍ ማብዛት ችግርን በአንድ ግንድ መሰብሰብ ነው።

አማራጭ 5፦ እጅግ ረጅም ጉድጓድ

ርዝመት አንደኛ የሚሆንበት ቦታ ብዬ ነበር። አል ሻሂን ነው። ከኳታር ዳርቻ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለ መስክ። ንብርብሮቹ ስስ ናቸው፣ በሰፊው ተዘርግተዋል፣ የኖራ ድንጋዩም ጥብቅ ነው። የዴንማርኩ ኩባንያ ሜርስክ ኦይል በ1992 ገብቶ ረጃጅም አግድም ጉድጓዶችን ዋና ስልቱ አደረገ። በ2008 የተቆፈረው ቢዲ-04ኤ የተባለው ጉድጓድ ጠቅላላ ርዝመቱ 12,289 ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ አግድሙ 10,902 ሜትር። በግምት ከመገናኛ ጦር ኃይሎች በታክሲ የምትሄዱትን መንገድ ያህል፣ በስስ ድንጋይ ውስጥ። የፈጀው 36 ቀን ነው።

እዚያ ለምን ሠራ? ጥብቅ ድንጋይ በየሜትሩ የሚሰጠው ትንሽ ነው። ስለዚህ ተረከዙ በኃይል ለመሳብ የሚያስችለው ብዙ ፈሳሽ የለውም፤ ሜትር በጨመራችሁ ቁጥር ምርት ይጨምራል። ያው ጉድጓድ ትሮል አሸዋ ውስጥ ቢተኛ ጣቱ ሥራ ፈቶ ይውል ነበር። ግን ይሄም ራስ ምታት አለው። እንዲህ ባለ ርዝመት፣ ዘይቱ በደንብ እንዲፈስ የኖራ ድንጋዩን የሚከፍት አሲድ ወስዶ ጣቱን ማጠብ በተለመደው መንገድ አይሆንም። ሜርስክ ለዚህ ቀዳዳዎቹ ሆን ተብለው በማይመጣጠን ርቀት የተበሱ ላይነር (የጉድጓዱ የውስጥ ቱቦ) ተጠቅሟል፤ አሲዱ ሁሉም ጋ ተመጣጥኖ እንዲደርስ።

ሌላው የርዝመት ጥቅም ሪጉን ከባሕር ማውጣት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ዊች ፋርም በተባለ መስክ ላይ፣ ከባሕር ወሽመጡ ሥር ላለው ዘይት ሰው ሠራሽ ደሴት ሊሠራ ታስቦ ነበር። የዘይት ኩባንያው ቢፒ ከየብስ ሆኖ ወደ ጎን ቆፈረ። በ1998 ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ደረሰ። የሩሲያ ደሴት በሆነችው ሳካሊን ላይም ባሕሩ በረዶ ስለሚሆን ከዳርቻው ቆመው ወደ ባሕሩ ቆፍረዋል። አቡዳቢ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ፦ አፐር ዛኩም በተባለ መስክ ላይ ጥልቀት በሌለው ባሕር ደሴቶች ሠርቶ ከደሴቶቹ ይቆፍራል። በ2022 ከነዚህ ደሴቶች 15,240 ሜትር የደረሰ ጉድጓድ መቆፈሩ ተነግሯል።

የርዝመት ጠላቱ ግጭት ነው። ቧንቧው ተኝቶ ይጎተታል፤ የድንጋዩ ፍርፋሪ ከታች ይከማቻል፤ የቁፋሮው ጭቃ (በጉድጓዱ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ) ግፊት እየጨመረ ድንጋዩን ሊሰነጥቅ ይደርሳል። ልምድ የሌለው ቡድን ይህን አይሞክር።

የማይታየው ወጪ፦ መምራት

ከሁሉም አማራጭ ጋር የሚመጣ ነው። ጉድጓዱ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት፣ በ300 ሜትር ውስጥ 5 ሜትር ገደማ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሽፋኑ 10 ሜትር ከሆነ ግማሹን አለፋችሁ ማለት ነው።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንድ ጂኦሎጂስት ስክሪን ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል። ከፊቱ የኤሌክትሪክ መቋቋምን የሚያሳይ መስመር አለ። ዘይት ያለበት ድንጋይ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ መስመሩ ከፍ ይላል። ጨዋማ ውሃ ያሳልፋል፣ መስመሩ ይወርዳል። መረጃው የሚመጣው በጭቃው ውስጥ በሚላክ የግፊት ትርታ ነው፤ በሰከንድ ጥቂት ቢት ብቻ። መለኪያው ደግሞ ከመሰርሰሪያው ጫፍ ሜትሮች ወደ ኋላ ነው። ከፊት ያለውን መስታወት ሸፍኖ በኋላ መስታወት እያዩ መንዳት በሉት። መስመሩ ዝቅ ማለት ሲጀምር ግማሽ ዲግሪ ወደ ላይ ይላል። ብዙ ካለ ጋዙ ውስጥ ይገባል።

አሁን ዙሪያቸውን በሜትሮች ርቀት የሚያዩ መለኪያዎች አሉ። ኪራያቸው ውድ ነው። ሽፋኑ ከ15 ሜትር በታች ሲሆን ግን በነሱ ላይ የሚደረግ ቁጠባ ለኔ አይዋጥልኝም።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | የመነሻ ወጪ | ውሃና ጋዝ መግታት | ኋላ ላይ ጥገና | የሚመቸው ቦታ |
|---|---|---|---|---|
| ቀጥ ያለ ወይም ዘመም ያለ | ዝቅተኛ | ደካማ | ቀላል | የተደራረቡ ብዙ ንብርብሮች፣ ለመለኪያ |
| ነጠላ አግድም፣ ተራ ወንፊት | መካከለኛ | መካከለኛ፣ ተረከዙ ደካማ | መካከለኛ | አጭር አግድም፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ |
| አግድም ከአይሲዲ ጋር | መካከለኛ፣ ትንሽ ከፍ ያለ | ጥሩ፣ ግን ጋዝን አይለይም | እምብዛም አያስፈልገውም | አሳላፊ አሸዋ ድንጋይ |
| አግድም ከኤአይሲዲ ጋር | ከፍ ያለ | በጣም ጥሩ፣ እንደ ዘይቱ ዓይነት | እምብዛም አያስፈልገውም | ከላዩ ጋዝ ያለበት ስስ ሽፋን፣ ወፍራም ዘይት ከውሃ ጋር |
| ባለ ብዙ ቅርንጫፍ | ከፍተኛ፣ በሜትር ሲሰላ ርካሽ | እንደ መቆጣጠሪያው | ከባድ | አፍ ሲያጥር፣ የባሕር ወለል ጉድጓድ |
| እጅግ ረጅም | ከፍተኛ | መካከለኛ | በጣም ከባድ | ጥብቅ ድንጋይ፣ ለየብስ ቅርብ መስክ |

ለማን የቱ?

ገንዘቡ ለአንድ ጉድጓድ ብቻ ከሆነ፣ መስኩም በደንብ ካልታወቀ፦ ቀጥ ብላችሁ ለኩ፣ ከዚያው ወደ ጎን ታጠፉ፣ 800 ወይም 1,000 ሜትር አግድም ከአይሲዲ ጋር። ቅርንጫፍ አሁን አይታሰብም። ያን ጉድጓድ ዓመት ያህል አይታችሁ ቀጣዩን ወስኑ።

ሽፋኑ ከ15 ሜትር በታች፣ ከላይ ጋዝ፣ ድንጋዩ አሳላፊ፣ አፉ ባሕር ወለል ላይ ከሆነ፦ ኤአይሲዲና በቂ ማሸጊያ ከመጀመሪያው ግቡበት። በኋላ ለመጨመር መርከብ ስትጠሩ የምትከፍሉት ከዚያ ይበልጣል። መስኩ ሰፊ ከሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅርንጫፍ ጨምሩ።

ድንጋዩ ጥብቅ፣ ባሕሩ ጥልቀት የሌለው፣ ፕላትፎርሙ ጥቂት ከሆነ፦ ገንዘባችሁን ርዝመት ላይ አውሉ። ግን ጣቱን እንዴት እንደምታጥቡ ከመቆፈራችሁ በፊት አስቡ።

መስኩ ከዳርቻ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሆነ ከየብስ መቆፈር ይቻል እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ፕላትፎርም ከታዘዘ በኋላ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ መሐንዲስ አይወደድም።

በጀት ጠብቦ አንድ ነገር መቀነስ ግድ ከሆነ፣ እኔ የምቀንሰው ርዝመት ነው። 1,500 ሜትር በደንብ የተመራና የተከፋፈለ ጉድጓድ፣ 2,500 ሜትር በግምት ከተቆፈረ ጉድጓድ ይሻለኛል። ጥብቅ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው ይህን የምገለብጠው።

አቅራቢ ሲመጣ ደግሞ እነዚህን ጠይቁት። ዕቃው በኛ ዘይት ዝልግልግነት ተሞክሯል ወይስ በላብራቶሪ ዘይት? ማሸጊያዎቹ ስንት ሜትር ላይ አንድ ናቸው? ጉድጓዱ ከታቀደው 2 ሜትር ቢወርድ ምርቱ በስንት ይቀንሳል? አንድ ክፍል ጋዝ ቢጀምር ያለ ሪግ የሚዘጋበት መንገድ ምንድን ነው? ለመጨረሻዋ ጥያቄ "ያን ጊዜ እናያለን" ካላችሁ፣ ዋጋው ላይ የአንድ ሪግ ጉዞ ጨምራችሁ አስሉ።